ምክትላችን ድልድዩን ሊሻገር ነው፤ ደብተሯስ የማን ናት?

ጣና_ዳር | ማክሰኞ ከምሽቱ 2:10

ሰላም የሰፈር ሰዎች። ግማሾቻችሁ እሁድ ሜዳ ላይ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁ ልንገራችሁ። የታዳጊ ቡድናችን ምክትል አሰልጣኝ ሊለቅ ነው። አዲስ አበባ ወይ ደብረ ማርቆስ ሥራ አግኝቶ ቢሆን «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ» ብለን፣ ዳቦ ቆርሰን በሸኘነው። የሚሄደው ግን እዚሁ ባህር ዳር፣ ከዓባይ ድልድይ ማዶ ነው። እነሱው ተቀናቃኞቻችን ጋ። ያውም ከፋሲካ በኋላ ልንጋጠም ቀጠሮ ይዘን ሳለ።

ስሙን አልጽፍም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቡድኑን ማየት ከጀመርኩ ወዲህ ስንት ዋና አሰልጣኝ ተፈራረቀ! አንዱ ከኮሚቴው ጋር ተኳርፎ ወጣ፤ አንዱን የመንግሥት ሥራው ሌላ ወረዳ ወሰደው፤ አንዱ «ለትራንስፖርት እንኳ አልሆነኝም» ብሎ በዚያው ቀረ። እሱ ግን ያው ነበር። ኮኑንና ኳሱን ባጃጅ ላይ ጭኖ ከሁሉ ቀድሞ ይደርሳል፤ የሜዳውን ጠጠር ይለቅማል፤ ልጆቹን ያሟሙቃል፤ ዋናው ሲመጣ ፊሽካውን አስረክቦ ወደ ዳር ይወጣል። ስንሸነፍ የሚሰደበው ዋናው ነው፤ ስናሸንፍ ትከሻ ላይ የሚወጣውም ዋናው ነው። ምክትል ከሁለቱም የለበትም።

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነው። ጥቁር ልባስ ያላት ደብተር አለችው። አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ዋርካው ሥር ተጠልለን ሳለ ገልጦ አሳየኝ። በአንዱ ልጅ ስም ሥር «ቁመቱ እየተመዘዘ ነው፣ ጉልበቱን ያመዋል፣ ዝላይ ይቀነስ» ይላል። በሌላው «ጠዋት ጠዋት ባጃጅ ያጥባል፤ ማክሰኞ ደክሞት ስለሚመጣ ሩጫ የለም»። በአንዱ ደግሞ «ሰው ፊት ከተቆጡት ጨዋታው ይጠፋበታል፤ ለብቻው ይነገረው»። የአጥቂያችን ደካማ እግር፣ የበረኛችን ፍርሃት፣ የማዕዘን ምት ምልክቶቻችን፣ ሁሉም እዚያ አለ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። ሽኝት እናድርግለት ወይስ ዝም እንበል? ደብተሯስ የማን ናት?

ሞገድ_07 | 2:24

ሽኝት ለምን ብለን? «የእኛ ልጅ» ስንለው ኖረን ደርቢ ሲቃረብ ጥሎን ለሚሄድ ሰው ሽኝት የሚደረገው የት አገር ነው? መሄዱ መብቱ ነው፣ አልከራከርም። ጊዜው ነው ያልገባኝ። ጨዋታው እስኪያልፍ ቢጠብቅ ምን ይቀርበት ነበር?

ደግሞ ይህ ደርቢ ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ፕሪሚየር ሊጉ ከ2013 ወዲህ በተመረጡ ከተሞች እየተሰባሰበ መካሄድ ከጀመረ የጣና ሞገዶቹን፣ ባህር ዳር ከተማን፣ የምናያቸው ቡና ቤት ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን ነው። ቆመን፣ ጮኸን፣ ድምፃችን ተዘግቶ ወደ ቤት የምንገባበት ጨዋታ ይሄ የሰፈር ግጥሚያ ነው። ደብተሯ የቡድኑ ናት። ያስረክብ።

ቀረሶ_ጥብስ | 2:31

መጀመሪያ ደብተሯን ማን እንደገዛት ይጣራ። ኮሚቴው ከሆነ ደረሰኝ ያቅርብ። እኔ የማውቀው ኮሚቴ ከሆነ ግን እስክሪብቶም ገዝቶ አያውቅ፣ ሃሃሃ።

ደግሞ ምነው አጋነናችሁት! በ2016 ግንቦት የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ነው። ሰውየው በእግሩ ተሻግሮ ማታ ቤቱ ይገባል።

የድሮ_በረኛ | 3:05

በእሱ እጅ ስላለፍኩ ትንሽ ልናገር።

ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳውን ነፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከክንፍ የተሻማ ኳስ እጅህ ላይ ሊያርፍ ሲል ነፋሱ ይወስደዋል። ሌሎች አሰልጣኞች ነፋስ ሲኖር የግብ ጠባቂ ልምምድ ይተዋሉ። እሱ ሆን ብሎ ያን ሰዓት ይመርጥ ነበር። ፊቴን ወደ ጣና አዙሮ ያቆመኝና ከግራም ከቀኝም ያሻማብኛል። «ኳሷን ከመነሻዋ አትከተላት፤ መጀመሪያ የዛፎቹን ጫፍ እይ፣ ከዚያ እርምጃህን ቁጠር» ይለኝ ነበር። ዛሬም ሜዳ ስገባ ቀድሜ የማየው የዛፎቹን ጫፍ ነው።

ኅዳር 2012 ብሔራዊ ቡድናችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1 ያሸነፈ ዕለት ልጆቹን ሰብስቦ ስታዲየም አስገባን። ሰው ሁሉ ያብዳል። እሱ እኛን «ለ10 ደቂቃ ኳሷን ተዉና የቀኝ ተከላካዩን ብቻ ተመልከቱ፤ ኳስ ሳይኖረው የት ነው የሚቆመው?» ይለናል። ያኔ ተናድጄበት ነበር፤ ጎሉ ሊያመልጠኝ! ጨዋታ ማየት የተማርኩት ግን ያን ቀን ነው።

በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙትን፣ በረመዳን የሚጾሙትን ለይቶ ያውቃል። «ዛሬ ለእነእገሌ ኳስ ቅብብል ብቻ» ብሎ ከዋናው ጋር የሚከራከረው እሱ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያገኘው የባጃጅ ሒሳብ ነበር፤ እሱም ሲገኝ።

አሁን ሞገድ ወንድሜ ልጠይቅህ። የካፍን (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን) የዲ ላይሰንስ የአሰልጣኝነት ኮርስ በራሱ ገንዘብ ተማረ። የዋናነቱ ቦታ ሲከፈት ኮሚቴው ከውጭ ሰው አመጣ። እንደገና ሲከፈት እንደገና ከውጭ አመጣ። «አንተማ የእኛው ነህ፣ የት ትሄዳለህ» ነው ያሉት። ይኸው የት እንደሚሄድ አሳያቸው።

ሞገድ_07 | 3:12

ይሄን አላውቅም ነበር። ግን ቅሬታው ከኮሚቴው ጋር ከሆነ ልጆቹ ምን አጠፉ?

ፔዳ_ግቢ | 3:40

ይሄ ነገር እኛ ሰፈር አልተጀመረም። ማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች እዚህ ስለምትበዙ የእናንተውን ላንሳ።

ብራያን ኪድ የማንቸስተር ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በ19ኛ ዓመት ልደቱ ቀን ለዩናይትድ ጎል ያገባ ሰው ነው። ከ1991 ጀምሮ የዩናይትዱ አሰልጣኝ የፈርጉሰን ምክትል ሆነ። ልምምዱን የሚመራው እሱ ነበር። በ1998 መጨረሻ፣ የውድድር ዘመኑ እኩሌታ ላይ፣ ዋና ልሁን ብሎ ብላክበርን ሄደ። የዛሬው የሞገድ ጥያቄ ያኔም ተጠይቋል፤ «ምነው አሁን?» ተብሏል። ፈርጉሰን በምትኩ ስቲቭ ማክላረንን አመጣና በዚያው ዓመት ሦስቱን ዋንጫ ጠቅልሎ ወሰደ። ብላክበርን ደግሞ ወረደ። መውረዱ የተረጋገጠው መቼ መሰላችሁ? በግንቦት 1999፣ በገዛ ሜዳው፣ ከዩናይትድ ጋር 0 ለ 0 ተለያይቶ! ያን ሁሉ ዓመት ልምምድ ያሠራቸውን ልጆች ምስጢር ይዞ ሄዶ አንድ ጎል ማግባት አልቻለም። ኪድ በኋላ የዩናይትድ ተቀናቃኝ ማንቸስተር ሲቲ ገብቶ እስከ 2021 ድረስ ምክትል ሆኖ ሠርቷል። ከተማው ግን ሰላም አልነፈገውም።

መጥፎውን ስንጠራ ደግሞ የኖቲንግሃም ፎረስቱ አሰልጣኝ ብራያን ክላፍና ምክትሉ ፒተር ቴይለር አሉ። አብረው በ1979 እና በ1980 የአውሮፓን ዋንጫ አነሱ። ቴይለር በ1982 «ደክሞኛል፣ ጡረታ ልውጣ» ብሎ ለቀቀ፤ በዚያው ዓመት የጎረቤት ተቀናቃኛቸው የደርቢ ካውንቲ አሰልጣኝ ሆኖ ብቅ አለ። ይሄንንም ክላፍ ዋጠው። ሊውጠው ያልቻለው በ1983 ቴይለር ለእሱ ሳይነግረው ተጫዋቹን ጆን ሮበርትሰንን ከፎረስት ሲወስድበት ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም። ቴይለር በ1990 ሞተ፤ እንደተኮራረፉ ነው የተለያዩት።

የእኔ ሐሳብ ይኸው ነው። ሰውየው መሄዱን ተዉት። ልጅ አስከትሎ ይሄዳል ወይ? እዚያ ላይ ነው ጉዳዩ።

ሊቨርፑሎች ዝም ያላችሁ የናንተም አለ። ለዓመታት የክሎፕ ምክትል የነበረው ላይንደርስ፣ በመካከል ሳልዝቡርግን አይቶ፣ በ2025 ተቀናቃኛችሁ ማንቸስተር ሲቲ ገብቶ የጓርዲዮላ ምክትል ሆኗል።

ቀረሶ_ጥብስ | 3:44

አርሰናሎች በሰው ምክትል፣ የጓርዲዮላ ረዳት በነበረው አርቴታ፣ ነው የምንኖረው፤ እኛን ተዉን።

ሞገድ_07 | 3:58

የእንግሊዙን እንግሊዝ ላይ ተዉት። እነሱ በሚሊዮን ፓውንድ ነው የሚንቀሳቀሱት።

የድሮ_በረኛ | 4:06

እሺ የአገር ቤት እንምጣ። ውበቱ አባተ ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ሻምፒዮን አደረገ። በኋላ መጥቶ የጎንደሮቹን ዐፄዎች ፋሲል ከነማን አሰለጠነ። ያኔ ቡናዎች ከሃዲ አሉት? ከዚያ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ እዚሁ ባህር ዳር መጋቢት 2013 ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ፣ ለካሜሩኑ የአፍሪካ ዋንጫ ሲያሳልፈን የቡናውም የፋሲሉም የእኛውም ደጋፊ አብሮ ነው የጨፈረው። አሰልጣኝ ይንቀሳቀሳል። ሥራው ነው።

እናት_ነኝ | ረቡዕ ከጠዋቱ 1:20

እኔ ኳስ አላውቅም፤ ልጄ ግን እዚያ ቡድን ውስጥ አለ። ይህን ጽሑፍ ያነበበችልኝ ትልቋ ልጄ ናት፤ የምትጽፈውም እሷ ናት።

«ሰው ፊት ከተቆጡት ጨዋታው ይጠፋበታል» የተባለው የእኔ ልጅ ነው። ስም ባይጠቀስም ሰፈሩ ያውቀዋል። እባክህ ልጄ፣ እንዲህ ያለውን ነገር አደባባይ አታውጣው። ማዶ ያሉት ልጆች ይህን ካነበቡ ጨዋታው ላይ ምን እንደሚሉት አስበው። አሰልጣኙ በደብተር የያዘውን አንተ በስልክ በተንከው።

አሁን ስለ ሰውየው። ልጄ አምና «ኳስ አቆማለሁ» ብሎ ቤት በተቀመጠ ጊዜ ቤቴ ድረስ የመጣው እሱ ነው። ዋናውን አላየሁትም። ቡና አፍልቼለት ተቀመጠ። ስለ ኳስ አንድ ቃል አልተነፈሰም፤ ስለ ትምህርቱ ጠየቀው፣ ስለ እርግቦቹ ጠየቀው። ሲወጣ በር ላይ «ሐሙስ ኳሶቹን የሚነፋልኝ ሰው አጥቻለሁ» አለው፤ ሄደ። ልጁም ሐሙስ ሄደ።

ደብተሯ የማን ናት ለምትሉት፣ የልጆቹ ናት። የቡድኑም የእሱም አይደለችም። የልጄ ጉልበትና የልጄ ባሕርይ የኮሚቴ ንብረት ሆኖ አያውቅም።

ጣና_ዳር | 1:45

እሺ እትዬ፣ ያችን መስመር አነሳታለሁ። ያስተካክሉኝ እንጂ ስለ ቤትዎ የጻፉትንስ ልተወው?

እናት_ነኝ | 1:52

እሱ ይቆይ። እሱን ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ጡረተኛ_ዳኛ | 3:30

ፊሽካ የነፋሁ ሰው ስለሆንኩ ደንብ ደንቡን ልናገር።

አንደኛ፣ ሕግ የምትሉ ልጆች አላችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ እንደሚችል ይናገራል። ሰውየው ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ እንኳ ከዚህ በላይ አይጠየቅም። ለመሆኑ ውል አለው? ደመወዝ አለው? የባጃጅ ሒሳብ የተሰጠውን ሰው በምን ውል ትይዙታላችሁ? ወሩ መጨረሻ ድረስ እሠራለሁ ማለቱ ራሱ ጨዋነት ነው።

ሁለተኛ፣ ፔዳ ግቢ ያነሳው የልጆቹ ነገር ትክክል ነው። በእኛ ውድድር ተመዝግቦ ካርድ የወጣለት ተጫዋች ያለ መልቀቂያ ለሌላ ቡድን አይሰለፍም። ስለዚህ ዘንድሮ የሚያሰጋ ነገር የለም። ሥጋቱ ለከርሞ ነው። ለከርሞ ደግሞ ልጁን የሚይዘው መልቀቂያ መከልከል አይደለም። መልቀቂያ ተከልክሎ ዓመቱን ሙሉ ዳር ተቀምጦ ኳስ የተወ ስንት ልጅ አይቻለሁ! ይሄን ጥፋት ከሁለቱም ወገን አይቼዋለሁ፤ ማንም እጁ ንጹሕ አይደለም።

አማካይ_8 | 6:15

እኔ ተጫዋች ነኝ፤ ወሬው ስለ እኛ ስለሆነ ልግባ።

ምልክቶቹን ያውቃል፣ እውነት ነው። ቆቡን ካነሳ ወደ ቅርቡ ቋሚ፣ እጁን ከኋላው ካጣመረ ወደ ሩቁ፣ ጫማውን ካሰረ አጭር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ቅርቡ ቋሚ ላይ እንደምንመታ እነሱ አምናም ያውቁ ነበር፤ ሁሌም እዚያው ነው የምንመታው። ጎል የሚሆነው ኳሱ በደንብ ሲመታና ሁለታችን ሩጫችንን በትክክለኛው ሰዓት ስንጀምር ነው። ሳይመታ ሲቀር ምልክቱ ምስጢር ቢሆንም ባይሆንም ኳሱ መጀመሪያው ተከላካይ ራስ ላይ ነው የሚያርፈው።

የሚያሳስበኝ የበረኛችን ነገር ነው። የተሻማ ኳስ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ይቆማል። ይሄን ማዶ ከነገራቸው ጨዋታውን ሙሉ ያሻሙብናል። መፍትሔው መደበቅ ነው? እስከ ደርቢው ያለው ጊዜ በየልምምዱ ማብቂያ እሱን በነፋስ ውስጥ ማለማመድ ነው። የድሮ በረኛ ወንድማችን እባክህ ናልን።

የድሮ_በረኛ | 6:22

ቅዳሜ እመጣለሁ። ጓንቴ ተቀዷል፣ የሚያውሰኝ ይኑር።

ዓባይ_ማዶ | 7:02

ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ አትቆጡኝ። ስታነቡ እንዳትደነግጡ ብዬ እንጂ ዝም ብዬ ላነብ ነበር የገባሁት።

የወሰድነው ለደርቢው አይደለም። ከ15 ዓመት በታች ላሉት ፕሮጀክት ልጆች ዋና አሰልጣኝ እንዲሆን ነው። ዋና። ትልልቆቹን የሚይዘው የነበረው አሰልጣኝ ነው። ስንጠይቀው መጀመሪያ የጠየቀን ደመወዝ መሰላችሁ? «ልጆቹ የሚጠጡት ውኃ አለ? የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን አለ?» ነው ያለን። ሣጥኑ አልነበረንም። ገዛን።

ምስጢራችሁን በተመለከተ፣ አምና ሁለቱንም ጨዋታ ማን እንዳሸነፈ ታስታውሳላችሁ፤ ሃሃሃ። ያለ ምስጢርም አሸንፈናል።

ሞገድ_07 | 7:05

የሁለተኛው ጨዋታ ፍፁም ቅጣት ምት ከሳጥን ውጭ ነበር! ጡረተኛ ዳኛ ይመስክሩ።

ጡረተኛ_ዳኛ | 7:30

ከሳጥን ውስጥ ነበር ልጄ። መስመሩ ላይ ነው። መስመሩ የሳጥኑ አካል ነው።

ጣና_ዳር | ከምሽቱ 2:40

ዛሬ ከልምምድ በኋላ አግኝቼው ጊዮርጊስ አካባቢ ሻይ ጠጣን። የተናገረውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፈው፤ ጻፍ ብሎኛል።

ስለ ደብተሯ ጠየቅሁት። ሳቀ። ከጤና ጋር የተያያዘውን፣ የማን ጉልበት፣ የማን ቁርጭምጭሚት፣ ማን አስም እንዳለበት፣ በሌላ ወረቀት እየገለበጠ ነው፤ ለሚተካው ሰው ይሰጣል። «ይሄ የእኔ ብልሃት ሆኖ ልይዘው አልችልም፤ አንዱ ልጅ ሜዳ ላይ ቢወድቅ ማን ያውቅለታል?» አለኝ። ስለ ልጆቹ ባሕርይ የጻፈውን ግን ለማንም አይሰጥም። አዲሱ ሰው ራሱ ይወቃቸው፤ በእኔ ዓይን እንዲያያቸው አልፈልግም ነው የሚለው። በዚህ ከእትዬ ጋር የተስማሙ ይመስለኛል።

ምልክቶቹንስ? ስለው «ዛሬ ማታውኑ ቀይሯቸው» አለኝ። ቅር አለኝና «ትናገራለህ ማለት ነው?» አልኩት። «እንዳልናገር አይደለም፤ እንዳልጠረጠር ነው። ማዶዎቹ በአጋጣሚ አንድ ኳስ ከቅርቡ ቋሚ ቢያወጡ እዚህ ሰፈር ማን ያምነኛል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

ስለ ዋናው አሰልጣኝም ጠየቅሁት። ክፉ አልተናገረም። ያሳዘነው ስለ ቦታው ያነጋገረው ሰው አለመኖሩ ነው። ለማዶዎቹ እሺ ካለ በኋላም ኮሚቴው ስብሰባ አልጠራውም፤ «ቁልፉን ለማን ትሰጣለህ?» የሚል መልእክት ብቻ ነው የደረሰው። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ማለታቸው ነው።

ፔዳ_ግቢ | 2:58

ሽኝቱ ይደረግ እንግዲህ። ኮሚቴው ባይመጣም እኛ እናድርገው። ዓሣ እናስጠብስ፣ ልጆቹ ይምጡ፣ ንግግር የሚባል ነገር ግን አይኑር። ንግግር ከጀመርን አንዱ ስለ ደርቢው ያነሳና እንጣላለን።

ቀረሶ_ጥብስ | 3:01

ዓሣው በእኔ። ስሜን አይታችሁ ነው አይደል የጠበቃችሁኝ?

አማካይ_8 | 3:10

ሽኝቱ ጥሩ ነው። ግን ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ማነው የሚያሟሙቀን? ዋናው የሚመጣው ከሥራ ሲወጣ ነው፤ 11 ሰዓት ተኩል ይሆናል። እስከዚያ ኮን የሚደረድር፣ ኳስ የሚነፋ፣ ትንንሾቹን የሚያይ ሰው የለም።

ጣና_ዳር | 3:14

ኮሚቴው እስኪመድብ ተራ እንያዝ። እኔ ማክሰኞ እችላለሁ። ሞገድ፣ አንተ ሐሙስ ና፤ 10 ሰዓት ተኩል፣ ቁልፉ እኔ ጋ ነው።

ሞገድ_07 | 3:40

ሐሙስ የማታ ፈረቃ ገቢ ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ልያዝ፤ ኮኑን የት እንደሚያስቀምጠው ግን እሱን ጠይቁልኝ።